በበሬ ስም የተመዘገቡ ዓይኖች

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ ይታወቅ። የተወለድኩት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን ሥራ አለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ሚስት አግብቼ ነው። በደብራችን፣ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ሄደው ድጓ የተማሩ ቄስ ያስተምሩ ነበር። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እዚህ ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ለተማሪ ቤታቸው የድንጋይ ካብ እንድክብ ጠሩኝ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር። እኔ ከካቡ ወዲህ ድንጋይ ሳስተካክል ልጆቹ ከካቡ ወዲያ ፊደል እየጠሩ ይጮኻሉ። ድምፁን በጆሮዬ፣ መልኩን ደግሞ በድንጋዮቹ መሐል ሆን ብዬ በተውኩት ቀዳዳ ያዝኩት። ሁለት ድንጋይ ሳስቀምጥ አንዱን እያነሳሁ፣ ሥራውን ዳዊት እስክደግም ድረስ አዘገየሁት። ስለዚህ «የኔታ አስተማሩህ» የሚለኝን ሰው ሁሉ አርመዋለሁ። እሳቸው ሌሎችን አስተማሩ፤ እኔ ካብ ካብኩ። ካቡ ዛሬም ቆሟል፣ ቀዳዳውም አለ።

ከዚያ በኋላ ያልተማርኩት ሙያ የለም። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ዳኛው ራሱ «ይህን የጻፈ ሰው የት አለ» ብሎ ያስጠራኝ ጊዜ ነበር፣ ለምን እንደጠራኝ እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። የተሰበረ አጥንት አስራለሁ፣ ጥርስ እነቅላለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ስሜን ያስጠራው ወረንጦዬ ነው። በእኛ አገር ዓይኑን ለዓመታት ሲታመም የኖረ ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይጭረዋል። ብርሃን ማየት፣ ጭስ መቅረብ፣ ማሳ ላይ መዋል አይችልም። እኔ አርብ አርብ ከገበያው ዳር፣ ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያንን ጸጉር በወረንጦ እነቅላለሁ። ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ፣ ከእስቴ ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ነበር። ነቅዬለት ሲሄድ እፎይ ይላል፤ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣል። ሰው ደጋግሞ መምጣቱን ለእጄ መልካምነት ምስክር አድርጌ እቆጥረው ነበር። ይህን ልብ ይሏል።

ንጉሡ ወርደው ብዙም ሳይቆይ ዘማች ተማሪዎች መጡ። መድኃኒታቸውን ከንፋስ መውጫ በበቅሎ አስጭነው፣ እነሱ በከተማ ጫማ በእግራቸው ገቡ። የመጡት እኛን ሊያነቁን ነው ተባለ። እኛ ዶሮ ሲጮኽ የምንነቃ ሰዎች መሆናችንን የነገራቸው አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ ከአንድ ባላባት የተወረሰውን የእህል ቤት ጠርገው «ነጻ የሕዝብ ክሊኒክ» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉበት። የሚሠሩበት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሕክምና ሊጨርስ ትንሽ የቀረው ባለመነጽር ልጅ፣ ሌላዋ የነርስ ትምህርት ላይ የነበረች አፍሮ ጸጉር ያላት ልጅ። የቀሩት ጓደኞቻቸው መፈክር ይጽፋሉ።

ክሊኒኩ በተከፈተ በሦስት አርብ ውስጥ የታከመ ቢኖር የባለመነጽሩ የራሱ ተረከዝ ነው፤ ጫማው ልጦት ነበር።

እኔ ሥራቸውን ልመለከት፣ እውነቱን ለመናገር ልስቅባቸው፣ ሄድኩ። ባለአፍሮዋ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ እንደ ወንጌል የወፈረ መዝገብ ከፍታ ተቀምጣለች። ዓይኑ እንደ በርበሬ የቀላ ገበሬ ከፊቷ ቆሟል።

«ስምዎን ይንገሩኝ፣ አባቴ።»

«ለምንሽ?»

«ለመዝገብ ነው። የአባትዎንም ስም፣ ዕድሜዎን፣ የልጆችዎን ቁጥር።»

ገበሬው ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «የታመመው ዓይኔ ነው። አባቴን ምን ልታደርጊያቸው ነው? እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ደህና ናቸው።» ብሏት ሄደ።

ልጅቱ እኔን ቀና ብላ አየችኝ። «ነጻ ነው እያልናቸው ለምን ይሸሻሉ፣ ጋሼ?»

«ነጻ ስላላችኋቸው ነዋ» አልኳት። «መንግሥት በነጻ የሰጠውን ነገር እስቲ አንድ ቁጠሪልኝ። ደግሞ ስሙንና የልጆቹን ቁጥር ጽፎ የወሰደ ሰው በደግ አልተመለሰም። ወይ ግብር ይዞ ይመጣል፣ ወይ ጠመንጃ።»

ባለመነጽሩ ከውስጥ ወጣ። «ታዲያ በሽተኛን ያለ ስም እንዴት እናክማለን? በሚቀጥለው ሲመጣ ምን እንደሰጠነው በምን እናውቃለን?»

ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም። እኔም ሁለቱንም ትንሽ አስጠብቄ ነገርኳቸው። እዚህ አገር ሰው ስሙን ይደብቃል፤ የበሬውን ስም ግን ጠዋት እርፍ ከጨበጠ እስከ ማታ ማሳው ላይ ሲጮኸው ይውላል። አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። እሱን ማን ነህ ብትለው ይቆጣል፤ በሬህ ማን ይባላል ብትለው ግን እስከ አያቱ ይነግርሃል፣ የበሬውን አያት ማለቴ ነው።

ባለአፍሮዋ ሳቀች። ባለመነጽሩ አልሳቀም፤ እሱ ቀልድ ቀርቶ ቁምነገርም ቶሎ አይገባውም ነበር። ልጅቱ ግን መዝገቡን ገለጠችና እኔን «በሬዎ ማን ይባላል?» አለችኝ።

«ቦራ» አልኳት። የመጀመሪያው በሽተኛ ሆኜ ተመዘገብኩ። አልታመምኩም ነበር፤ መዝገቡ ግን በማን እንደተከፈተ ይታወቅ።

በሚቀጥለው አርብ ዓይኑ የቀላው ገበሬ ተመለሰ። «ዳማ» ብሎ ገባ። ከኋላው ጉራች፣ ዳልቻ፣ ወይኖ መጡ። ሁለት ቦራ ሲገጥመን የሚካኤሉ ቦራ፣ የማርያሟ ቦራ እያልን በደብር ለየን። በሬ የሌላት መበለት ላሟን አስመዘገበች። በገና ሰዉ ከእህል ቤቱ ደጅ እስከ ገበያው አጥር ይሰለፍ ጀመር። ባለመነጽሩ ቁስል ያጥባል፣ ባለአፍሮዋ የዓይን ቅባት ታደርጋለች፣ ፊታቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ትጨቀጭቃለች። እኔም ከወይራው ሥር ተነሥቼ ወረንጦዬን ይዤ ወደ ክሊኒኩ በረንዳ ገባሁ። የጋበዘኝ የለም። ባለሙያ አይጋበዝም።

አንድ አርብ ጸጉር ነቅዬ ስጨርስ ባለመነጽሩ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ነቀሉ?»

«አሥራ አንድ።»

«የሚነቅሉላቸው ሰዎች ይመለሳሉ?»

«ከእኔ ሌላ ወዴት ይሄዳሉ?»

ማጉያ መስታወት ሰጠኝና የበሽተኛውን ዓይን እንዳይ አደረገኝ። አየሁ። ከነቀልኳቸው ጸጉሮች ግማሹ ከሥሩ ወጥቷል። ግማሹ ግን መሐል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ የሾለ።

«ያልታጨደ ገብስ ውስጥ በባዶ እግርዎ ቢሄዱ ምን ይሆናሉ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታጭዶ በቀረው አገዳ ላይስ?»

ወረንጦዬን ኪሴ ከተትኩት። ሰው ተራ እየጠበቀ ወረንጦዬን ያስቀመጥኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሚስቴ ሌላም ቀን አለ ትላለች። ልጁ የገበሬ ልጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያንን ምሳሌ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አይገባኝም። የተሰበረው ጸጉር ከረጅሙ ይልቅ ብሌኑን እንደሚቧጥጥ፣ ቁስሉም ሲደርቅ ነጭ ሆኖ እንደሚቀር፣ ያ ነጭ ደግሞ እንደማይመለስ ነገረኝ። መድኃኒቱ ቆቡን በትንሽ ቢላ ቀዶ ወደ ውጭ መስፋት ብቻ ነው አለ።

እኔ የማስበው ስለ አንድ ሰው ነበር። የየኔታ ግራ ዓይን ከሁለት ዓመት በፊት ነጭ ሆኖ ጠፍቷል። እግዜር ያመጣው ነው ብለን ነበር። የሳቸውን ሽፋሽፍት በየወሩ ቤታቸው ድረስ ሄጄ የምነቅል እኔ ነኝ። ለሌላው አንዴ የማየውን ለሳቸው ሦስቴ አያለሁ፤ አንዲት ጸጉር አልተውም። በሌላ ሰው ላይ ሰነፍ ነበርኩ፣ በሳቸው ላይ ግን ትጉህ። አሁን ደግሞ ቀኙ መቅላት ጀምሯል።

ነገሩ ዓይን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በደብራችን ቀዳሽ ቄስ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ዓይኑ የጠፋ ቄስ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። የኔታ ከተቀመጡ ደግሞ አንድ ቄስ ብቻውን አይቀድስምና የደብሩ ቅዳሴ ይታጎላል። ለየኔታ መቅደስ መግባት እንደ እህል ውሃ ነው። ግራው ሲጠፋ «አንዱ ይበቃኛል» ብለው ነበር። ለቀኙ የሚሉት ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የኔታ በአንድ ተማሪያቸው ትከሻ ተደግፈው ራሳቸው ክሊኒኩ ድረስ መጡ። ወሩ ቢያልፍም ቤታቸው አልሄድኩምና።

«ወረንጦህን አውጣ» አሉኝ።

«የለም፣ የኔታ።»

«የት ሄደ?»

«ተሰበረ።»

«ብረት ነው። እንዴት ተሰበረ?»

«ዛገና ተሰበረ።»

መዳፋቸውን እንደዘረጉ «ካቡንም ድንጋይ ጠፋ ብለህ ነበር ያዘገየኸው» አሉ። «ያኔም አላመንኩህም። ቀዳዳውን ግን ልጆቹ እንዳይደፍኑት አዝዤ ነበር።»

ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላወቅኩም ነበር። ወረንጦውን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ገብሱ አገዳ፣ ስለ ግራ ዓይናቸው። ባለአፍሮዋ መጻፏን አቁማ ታየናለች። ሰልፉም መጋፋቱን ተወ፤ ሰልፍ የማይጋፋው የሰው ምስጢር ሲሰማ ብቻ ነው።

የኔታ ወረንጦውን ገልብጠው ዳሰሱት። «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ። «እኔም እኮ ደስ እያለኝ ነው ያስነቀልኩት። እንግዲህ ያ ልጅ የሚለውን አድርግልኝ።»

ያ ልጅ የሚለው ግን ቀላል አልነበረም። ቆቡ ሲቀደድ ደም ይፈስሳል፤ ደም የፈሰሰው ቄስ ቁስሉ እስኪድን መቅደስ አይገባም። በሁዳዴ ደግሞ ቅዳሴው በየቀኑ ነው። የኔታ «ከትንሣኤ በፊት አልነካም» አሉ። ባለመነጽሩ «ስድስት ሳምንት ከጠበቅን ብሌኑ ይቆስላል» አለ። «ይቁሰላ፤ ጾሙን ሳልቀድስ አልውልም» አሉት። አብዮቱ ባላባቱን ከእህል ቤቱ አስወጥቷል፤ የኔታን ግን ከአንድ ቅዳሴ ማስቀረት አልቻለም።

መላውን ያመጣችው ልጅቱ ናት፤ እኔ ከእሷ በፊት አስቤው ነበር ለማለት ብፈልግም አላሰብኩትም። ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጣ፣ አንዱን ጫፍ ከቆቡ፣ ሌላውን ከግንባር አጣብቃ ጸጉሩን ከብሌኑ አራቀችው። ላብ ሲነካው ስለሚላቀቅ ግን በየጠዋቱ መለወጥ ነበረበት። እኔ በየቀኑ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ከቤቴ ተነሥቼ የየኔታን ቆብ በፕላስተር ስይዝ ከረምኩ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ፣ ዛሬም እንደ ደብዳቤ አሽገውዎት ሄዱ» እያሉ ይስቃሉ። የኔታም በአንድ ክፍት ዓይን ሁዳዴን ቀደሱ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ከጎረቤት ደብር አንድ ቄስ ተውሰን ቅዳሴውን አስያዝንና ባለመነጽሩ ከደብረ ታቦር ተውሶ ያመጣውን ቢላና ማደንዘዣ ይዞ፣ አፍልቶና ቀቅሎ ተዘጋጀ። የሚፈላው ቢላው፣ የሚቀቀለው ፎጣው ነው። ልጁ ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ አይቷል፣ አንድ ጊዜ ሠርቷል፤ እሱንም አስተማሪው አጠገቡ ቆሞ። ይህን የነገረኝ የኔታ ጠረጴዛ ላይ ከተጋደሙ በኋላ ነው።

የየኔታን ራስ የያዝኩት እኔ ነኝ። የልጁን እጅ አየሁት፤ ቢላው ከቆቡ በላይ ይዞራል፣ አያርፍም።

«ትንፋሽህን አውጣና ባዶ ስትሆን ቁረጥ» አልኩት። «እኔ ጸጉር ስይዝ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«እርስዎ ሲይዙ ግማሹ ይሰበር ነበር» አለኝ።

«የሚሰበረው ወረንጦው ሰፊ ሆኖ ነው። እጄ አይንቀጠቀጥም።»

የኔታ ከሥር «ተስማሙና ጀምሩ፤ ዳዊቱን ልጨርሰው ነው» አሉ።

«አይናገሩ፣ አባቴ፤ ቆቡ ይንቀሳቀሳል» አላቸው ልጁ። እሳቸውም ዳዊቱን በልባቸው ያዙ። ልጁ ትንፋሹን አወጣ። እጁ ቆመ። ቀደደ፣ ገለበጠ፣ በአራት ቦታ ሰፋ። እኔም እሱ ባወጣ ቁጥር ትንፋሼን ሳወጣ ቆይቼ ኖሮ ሲያልቅ ራሴን አዞረኝና ተቀመጥኩ። ልጅቱ ውሃ የሰጠችው ለበሽተኛው ሳይሆን ለእኔ ነው። ይህን ለማንም እንዳትናገር ለምኛት ነበር፤ አሁን ራሴ ተናገርኩት።

በአሥረኛው ቀን ክሩ ተቆርጦ ወጣ። የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያዩት የእኔን ፊት ነው።

«አርጅተሃል» አሉኝ።

በግንቦት ሚካኤል ቀደሱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰልፍ አልናገርም። በሰኔ ባለመነጽሩ ሃያ ስምንት ቆብ ሰፍቶ ነበር፤ ከእህል ቤቱ ጎን ለዓይን በሽተኞች የሣር ዳስ ሠራን።

ክረምቱ ሳይገባ ዘመቻው አልቋል ተባለና ተማሪዎቹ ተጠሩ። ባለመነጽሩ መስታወቱን፣ ልጅቱ የቀረውን ቅባትና ፕላስተር ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ጓደኞቻቸው የጻፉትን መፈክር ዝናብ አጠበው። ስለ ሁለቱ በኋላ ብዙ ሰማን፤ ታሰሩ የሚል ነበር፣ ጫካ ገቡ የሚል ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማናቸውም አልተመለሱም።

በመጀመሪያው አርብ ብቻዬን በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ስልሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል፤ እጄ ሁለት ነው። ረፋዱ ላይ የኔታ በዳገቱ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው አኮፋዳ ያንጠለጠለ ተማሪ ሁሉ ተሰልፏል።

«ተማሪ ሄደብህ?» አሉኝ። «ይኸው ተማሪ። ከዛሬ ጀምሮ አርብ ትምህርታቸው እዚህ ነው። ፊት ማጠብና ቅባት ማድረግ አስተምራቸው።»

«የኔታ፣ እኔ አስተምሬ አላውቅም።»

«ይማሩ እንደሁ በቀዳዳ ይማራሉ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ክሊኒኩ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ድጓ ተማሪ ተዛወረ። እነዚህኞቹ ከቀድሞዎቹ የሚሻሉበት ነገር ነበር፤ መፈክር አይጽፉም፣ ምግባቸውንም ለምነው ያገኛሉ። መስፋቱን አልቻልንበትም፤ የተቀለበሰ ቆብ ያለውን ፕላስተር አድርገን፣ ደብዳቤ ጽፌ ወደ ደብረ ታቦር እንልካለን።

በዚያ መሐል ነው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መዝገቡን ሊወስድ የመጣው። ከዘማቾቹ ጋር ማን ማን ይገናኝ እንደነበር የበላይ አካል ጠይቋል አለ። ሰጠሁት። ገለጠ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።

«ቦራ፣ ዓይን። ዳማ፣ ዓይንና እግር። ወይኖ፣ ሳል።» ቀና አለ። «ይህ የከብት ክሊኒክ ነበር?»

«ከብትም ሰው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ባለ ካቡ የሚለው የማን በሬ ነው?»

የኔታ በሬ ስላልነበራቸው ልጅቱ እንደዚያ ጽፋቸው ነበር። «እሱ በሬ አይደለም፤ አጥር ነው» አልኩት። ሊቀመንበሩ ገጹን ሲገልጥ ጉራች የሚባለው የራሱ በሬ ሳሉን ታክሞ እንደነበር አገኘ፤ ያን ቀን ያሳለው ማን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። መዝገቡን ዘግቶ መለሰልኝና «ጥሩ አድርጋችሁ አቆዩት» ብሎ ሄደ።

ዓመታት አልፈው መንግሥት በቆርቆሮ የተከደነ ጤና ጣቢያ ሠራ፤ ሠራተኛውም ስም እየጻፈ ያክማል። የእኔ ሥራ በዚያ አበቃ። የሠራሁትንም ሌላ ሰው ቀንሶ ከሚቆጥርልኝ ራሴ ልቁጠረው።

ማንም ሳያስተምረኝ አነበብኩ፤ ቀዳዳውን ያስጠበቁልኝ ሰው እንደነበሩ ግን አሁን አውቃለሁ።

አገሩን በበሬ ስም መዘገብኩ፤ ከዚያ መዝገብ የተነሣ የታሰረ ሰው የለም፣ በሬም የለም።

ለአንድ ሐኪም ትንፋሽ ማውጣት አስተማርኩ።

ቁጥራቸውን ያልያዝኩትን የቤተ ክህነት ተማሪዎች ዓይን ማጠብ አስለመድኩ፤ ዛሬ ብዙዎቹ በስማዳና በእስቴ ቄሶች ሆነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናቱን ፊታችሁን ታጠቡ እያሉ ይጨቀጭቃሉ ይሉኛል።

ወረንጦዬን ለቀጥቃጭ ሰጥቼ ለደብሩ ጽናጽል መንጠቆ አሠራሁበት።

የየኔታን ቀኝ ዓይን ስድስት ሳምንት በፕላስተር ያዝኩት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሱ አይተው ቀደሱ።

ግራውን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። እሱም ከሠራሁት ውስጥ ነውና ጻፍኩት።